የውዝዋዜ መምህራን ግሩፕ ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በአንድ ትምህርት ቤትና በግል እስክስታ አስተምራለሁ። በስልክ፣ በቪዲዮና በዙም የሚያስተምሩ የውዝዋዜ መምህራንን ላሰባስብ ብዬ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ስልሳ ሰው ገባ። መጀመሪያ ሞቅ ብሎ ነበር። አሁን ግን ‹እንኳን አደረሳችሁ› እና የሠርግ ሥራ ማስታወቂያ ብቻ ሆኗል። ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም አይቶ ያልፋል። ልዝጋው ወይስ ወደ ሌላ አፕ ልውሰደው? ሌላው፣ ውጭ አገር ላሉ ተማሪዎች በዙም ሳስተምር ከበሮውና ትከሻዬ አይገጥምላቸውም። የሌሎቹም መምህራን ችግር ይኸው ነው፤ መፍትሔውን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም።»

ምላሽ፦ አትዝጊው፣ እህቴ። አፕም አትቀይሪ። ሰዉ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ሌላ ቦታ ብትወስጂው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የደረሰውም እዚያ ሄዶ ዝም ይላል።

መጀመሪያ፣ ዝምታው ያን ያህል አያስደንግጥሽ። ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፈው ነገር አለ። በኢንተርኔት ከተሰባሰቡ ሰዎች ውስጥ በግምት ከመቶ 90ው አንብቦ ያልፋል። 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል። አብዛኛውን ነገር የሚያወጣው 1ዱ ነው። ወደ አንቺ ግሩፕ ስናመጣው፣ አዘውትሮ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አንቺ ነሽ። አልፎ አልፎ የሚያግዙሽ አምስት ስድስት ሰዎች ይኖራሉ። የቀሩት ያነባሉ። ማንበባቸውንም አትናቂው፤ ነገ ክፍል ገብቶ የሚሞክረው ያ ዝም ያለው ሊሆን ይችላል። አንቺ የምትፈልጊው እነዚያን አምስት ስድስት ሰዎች ነው። ስልሳውን አናግራለሁ ካልሽ ትደክሚያለሽ።

ከዚህ ሌላ የእኛ አገር ምክንያት አለ። ዋናው እሱ ይመስለኛል።

እኛ ከተማ ውዝዋዜ የሚያስተምር ሰው በማስተማር ብቻ አይኖርም። ሠርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ የሆቴል የባህል ምሽት አለ፣ የመሥሪያ ቤት ዝግጅት አለ። ግሩፕሽ ውስጥ ያሉት የሙያ ባልደረቦችሽ ናቸው፤ ለአንድ ሥራ የሚፎካከሩም እነሱው ናቸው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ተፎካካሪ ፊት «ተማሪዎቼ አልገባቸው አለ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? ይሉኝታው አለ። «ይሄም አስተማሪ ነኝ ይላል» መባሉ አለ። ስለዚህ ሁሉም ያማረውን ብቻ ይለጥፋል። የሐበሻ ቀሚስ፣ መድረክ፣ መብራት፣ ጭብጨባ። ለእንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ደግሞ «እሳት ነው!» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ወሬው እዚያው ያልቃል።

ሰው የሚያወራው ያልተሳካ ነገር ሲያይ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አውጪ፦ እዚህ ግሩፕ የመድረክ ሥራ አይለጠፍም። የሚለጠፈው የተማሪ ወይም የራስ የሆነ፣ የተቸገራችሁበት፣ ከሠላሳ ሰከንድ ያልበለጠ ቪዲዮ ነው፤ ከሥሩም አንድ ጥያቄ። ሁለት ጥያቄ አይፈቀድም። ሁለት ጥያቄ ሲኖር ሰው የትኛውን ልመልስ ሲል ትቶት ይሄዳል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ። አንዲት ጀማሪ ልጅ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ ሁለቱም ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ይወጣሉ። አንገቷ ይደርቃል። ከበሮው ሲፈጥን እጆቿም አብረው መዝለል ይጀምራሉ፤ ፊቷ ላይ ጭንቀቱ ይታያል። እስክስታ አስተምሮ ይቺን ልጅ የማያውቃት ሰው የለም። ይህን ሃያ ሰከንድ ቀርጸሽ «ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይሄድም፤ ምን ልበላት?» ብለሽ ብትለጥፊ ምን እንደሚመጣ ልንገርሽ። አንዱ «እጇን ወገቧ ላይ አስይዣት፤ ክርኗ አንድ ቦታ ሲያርፍ ትከሻዋ ለብቻው መሥራት ይለምዳል» ይላል። ሌላዋ «ከበሮውን አጥፊና በአፍሽ ቁጠሪላት» ትላለች። ሦስተኛው «ትንፋሿን ይዛለች፤ እያወራች ትሞክር» ይላል። ከዚያ ደምቢያ ያደገው ሰውዬ መጥቶ «እናንተ የከተማ ልጆች አበላሻችሁት፤ ትከሻ ብቻውን አይማሩትም፣ ከአንገትና ከደረት ጋር ነው» ይላል። የወገራው ይመልስለታል። በቃ፣ ግሩፕሽ ተነሳ። ከመልሶቹ አንዱ ሊሠራ ይችላል፣ ሁሉም ላይሠሩም ይችላሉ። ግን አራት ሰው ስለ ማስተማር አወራ።

የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎች አንቺ ለጥፊ። አድሚኗ ድክመቷን ሳታሳይ ሌላው አያሳይም። ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ ለምታምኛቸው ሁለት ሰዎች ደውለሽ «ማታ አንድ ነገር እለጥፋለሁ፤ አደራ፣ መልሱልኝ» በያቸው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ሠርግ ቤትም ቀድሞ ብድግ የሚል ሰው እስኪገኝ ሁሉም ወንበሩ ላይ ነው።

ማንን መጋበዝ እንዳለብሽም ደግመሽ አስቢበት። ግሩፕሽ በአብዛኛው የባህል ቡድን አሰልጣኞች ይመስለኛል። እነሱ ያስፈልጋሉ፤ የእውቀቱ ምንጭ እነሱ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጥያቄ ያለው የትምህርት ቤት መምህር ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ሙዚቃው፣ ውዝዋዜው፣ ድራማውና ሥዕሉ አንድ ላይ ነው። የሚያስተምረው ሰው ብዙ ጊዜ ሥዕል ወይም ሙዚቃ የሚያውቅ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሌላ ትምህርት ያጠና ነው። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ፣ አንድ ስልክና አንድ ስፒከር ይዞ፣ ስለ ውዝዋዜ እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ለሠርግ ሥራ ከማንም ጋር አይፎካከርም። መጠየቅ አያሳፍረውም። እንዲህ ያሉ አሥር መምህራን ብታስገቢ ጥያቄው ከእነሱ ይመጣል፣ መልሱ ከአሰልጣኞቹ። አሰልጣኝ ደግሞ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ተፎካካሪው ሳይሆን አክባሪው ነው የጠየቀው።

ውጭ አገር ያሉትስ? እስክስታ ከጎንደር ርቆ ሄዷል። እስራኤል ውስጥ ሩት ኤሼል የተባለች የውዝዋዜ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ወጣቶች ጋር «እስከስታ» የሚባል የውዝዋዜ ቡድን አቋቁማለች፤ ከእነዚያ ቤተሰቦች ብዙዎቹ መነሻቸው እዚሁ ጎንደርና ዙሪያዋ ነው። አሜሪካና አውሮፓም በየከተማው የሚያስተምር አለ። ካሜራውንና ዙሙን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ ጥቂቶቹን አስገቢያቸው። ብቻ ብዙ አይሁኑ። ሲበዙ ግሩፑ ቀስ ብሎ ገበያ ይሆናል፦ እነሱ ገዢ፣ እኛ ሻጭ። ያኔ ይሉኝታው ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ዙም ጥያቄሽ። ይህን ሰፋ አድርጌ የምመልሰው በግሩፑ ላይ ፒን እንድታደርጊው ነው። ይህን የመሰለ፣ ሁሉም የሚቸገርበትና መልሱ የታወቀ ነገር ለግሩፑ ጥሩ ስንቅ ነው።

የእኛ ጭፈራ በአብዛኛው ስድስት ስምንተኛ በሚባለው ምት ይሄዳል፤ ችክችካ የምንለው ነው። አንዱ ትልቅ ምት በሦስት ትንንሽ ምት ይከፈላል። ከበሮው በደቂቃ 120 ትልቅ ምት ቢመታ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ለሦስት ሲካፈል አንዷ ትንሽ ምት 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ትሆናለች። አሁን ብሉቱዙን እይው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ወይም ስፒከር ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል። ማለትም አንዲት ትንሽ ምት ያህል! ዜማውን ከኮምፒውተሩ በዙም «ሼር ሳውንድ» አድርገሽ፣ አንቺ ግን በብሉቱዝ እየሰማሽ ስትጨፍሪ፣ ተማሪዋ ጋ ዜማው በቀጥታ ይሄዳል። ያንቺ ትከሻ ደግሞ ዘግይቶ የደረሰሽን ከበሮ ነው የሚከተለው። እሷ የምታየው ሁልጊዜ ከከበሮው አንዲት ትንሽ ምት ያህል ወደ ኋላ የቀረች አስተማሪ ነው። ጎበዝ ተማሪ ከሆነች ያንኑ ስህተት ታጠናዋለች።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ገመድ። ብሉቱዙን ተዪና ስፒከሩን በኬብል አገናኚው። አለቀ።

ዜማውን ሼር ሳታደርጊ በክፍሉ ስፒከር ከፍተሽ በማይኩ በኩል የምትልኪ ከሆነ ድምፁና እንቅስቃሴው አብረው ይሄዳሉ። ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ዙም ንግግር ያልሆነን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ከበሮው ይቆራረጣል፣ ማሲንቆው ይጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ» የሚለውን አብሪው። ትምህርቱ ሲጀመርም እንደበራ አረጋግጪ።

የተማሪዋን ምት ስታርሚ ደግሞ ተጠንቀቂ። ያንቺ ዜማ እሷ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል፣ የእሷ ምስል አንቺ ጋ እስኪመጣ እንደገና ይዘገያል። አንቺ ጋ ከምትሰሚው ከበሮ ጋር እያስተያየሽ «ዘገየሽ» ካልሻት ግፍ ነው። ምቷን ማየት ስትፈልጊ ዜማውን እሷ ትክፈት፣ ማይኳ ይከፈት፣ ያንቺ ይጥፋ። ድምፁና ምስሉ ከአንድ ቦታ ስለሚመጡ የምታዪው እውነተኛውን ነው። አብሮ መቁጠርና አብሮ ማጨብጨብ የሚባለውን ግን በዙም ጭራሽ እርሺው።

ነጻው ዙም ከ40 ደቂቃ በኋላ ይቆርጣል። ትምህርቱን ለሠላሳ አምስት ደቂቃ አዘጋጂው፤ መሰናበቻው ላይ ሳትቆረጪ ትጨርሻለሽ።

አቋቋምሽንም ልብ በይ። ፊት ለፊት ቆመሽ ቀኝ እግርሽን ስታነሺ ለተማሪዋ በስክሪኑ ግራ በኩል ነው የሚታያት። የእግር አካሄድ ስታስተምሪ ጀርባሽን ለካሜራው ስጪ፤ ትከሻና አንገት ስታስተምሪ ዙሪ። የራስሽን ምስል እንደ መስታወት እያየሽ «እኔ ጋ እኮ ትክክል ነው» አትበይ፤ ዙም ያን መስታወት የሚያሳየው ላንቺ ብቻ ነው።

ለግሩፑ ስለሚቀረጸው ቪዲዮም ጥቂት ልበል። ተራ የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ይወስዳል። ፈጣን ትከሻ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ሄዶ ቢመለስ ለአንዱ ምልልስ የሚደርሰው አምስት ምስል ነው። ክፍሉ ጨለም ካለ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ትከሻው ጭስ ይመስላል። ምን እንደተሳሳተ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ስልክሽ 60 ወይም በስሎ ሞሽን 120 የሚቀርጽ ከሆነ ለችግሩ ቪዲዮ እሱን ተጠቀሚ። ተማሪዋን ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርገሽ አቁሚያት፤ መስኮቱ ከኋላዋ ከሆነ ጥላዋን ብቻ ነው የምትቀርጪው። ስልኩ በደረት ቁመት ይቀመጥ፤ ስታንድ ከሌለ መጻሕፍት ይደራረቡ። ጉልበትና እግርም ይታይ፤ የትከሻ ችግር አንዳንዴ ከጉልበት ነው የሚመጣው።

ዳታ የብዙ ሰው ዝምታ ምክንያት ነው፤ ማንም ግን ደፍሮ አይነግርሽም። ከባድ ቪዲዮ በራሱ እየወረደ ፓኬጁን የጨረሰበት ሰው ግሩፑን ሚዩት ያደርግና ተመልሶ አያየውም። አባላቱ የቴሌግራሙን በራሱ የማውረድ ሴቲንግ በሞባይል ዳታ ላይ እንዲያጠፉት በመጀመሪያው ቀን አሳዪያቸው፤ በጽሑፍ ሳይሆን በስክሪን ሾት። ቪዲዮው በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። በፋይል መላክ ያለበት እያንዳንዱ ምስል ተራ በተራ የሚታይበት ስሎ ሞሽን ሲሆን ብቻ ነው።

ግሩፑን በቶፒክ ክፈይው። «ትከሻና አንገት»፣ «እግር»፣ «ከበሮና ምት»፣ «የትምህርት ቤት ክፍል»፣ «ዙምና ስልክ»። የእንኳን አደረሳችሁና የሥራ ማስታወቂያውን አትከልክዪ፤ ሰው ይቀየማል። «ጨዋታ» የሚል ቶፒክ ስጫቸውና እዚያ ይሂዱ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይታወቅ። በጥምቀት ሰሞን ከፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የተቀረጸ የካህናትና የሊቃውንት ወረብ መምጣቱ አይቀርም። ጎንደር የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት፣ አገር ናት። ማኅሌትና ሽብሸባ የራሱ መምህር፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ከእስክስታ ጋር አንድ ቶፒክ ውስጥ ገብቶ «ይሄ እንቅስቃሴ እንዴት ነው?» መባል ከጀመረ ጭቅጭቁን አትችይውም።

በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንድ ሰው ተራ ይድረሰውና ከሳምንቱ ምልልስ ውስጥ ሞክረው የሠራላቸውን አንድ መልስ በአምስት መስመር ጽፎ ከቪዲዮው ጋር ያስቀምጥ። ከወራት በኋላ አዲስ የገባ መምህር ፈልጎ የሚያገኘው እሱን ነው።

ይህን የተመረጠ ነገር ቴሌግራም ላይ ብቻ እንዳትተዪው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒንግ የተባለው የኢንተርኔት መሰባሰቢያ አገልግሎት ነጻ መሆኑን ሲያቆም በነጻ ተሰባስበው የነበሩ ብዙ ቡድኖች ወይ መክፈል ወይ መውጣት ነበረባቸው። እኛ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሁሉንም በአንድ ሜሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ላይ ገልብጪ፤ ሌላ ቅጂ አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ። በአካል ስትገናኙ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ። ኔት ሲጠፋ የሚያስተምረው እሱ ነው።

በአካል መገናኘት አልኩ፤ ግድ ነው። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ይበቃል። አብሮ ቡና ከጠጣ ሰው ጋር በጽሑፍ መከራከር ይቀላል።

ጊዜውንም ምረጪ። ጥር ላይ ማንንም አትጠብቂ፤ ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ሰውን አያስቀምጥም። ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው። የክርስቲያኑ ሠርግ ይቆማል፣ የምሽት ሥራው ይቀዘቅዛል፣ አሰልጣኞቹ ቤታቸው ናቸው። ግሩፑን እንደገና የምትጀምሪው ያኔ ነው። ለመጨፈር ልቡ ያልፈቀደ ሰው እንኳ በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ ሐሳብ ይሰጣል፤ የዙም ሴቲንግም መማር ይችላል።

ሁለት የመብት ነገሮች። የልጆች ቪዲዮ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፍ፤ ሲፈቀድም ከአንገት በታች ወይም ከጀርባ መቅረጽ ይቻላል፤ ለትከሻ ጥያቄ ፊት አያስፈልግም። ሌላው፣ «ቅንብሬን ሰረቁኝ» የሚል ስሞታ መምጣቱ አይቀርም። እስክስታ የማንም የግል አይደለም። አንድ ሰው አስቦ ያቀናበረው ውዝዋዜ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ሥራ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ቅንብር ያለበት ቪዲዮ ሲለጠፍ የአቀናባሪው ስም ከሥሩ ይጻፍ። ቴሌግራም ሴቭና ፎርዋርድ ማድረግን የሚከለክል ቁልፍ አለው፤ እኔ ግን አልመክርም። ሊሰርቅ ያሰበ በሌላ ስልክ ይቀርጸዋል፤ የሚጎዳው ክፍል ውስጥ ያለ ኔት ሊያሳይ የፈለገው መምህር ነው።

የመጀመሪያውን ፖስት ልጻፍልሽ፤ እንደሚመችሽ ቀይሪው፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የመድረክ ቪዲዮ አንለጥፍም፤ የሚለጠፈው የተቸገርንበት ነው። እኔ ልጀምር። ይህች ተማሪዬ ናት፣ ወላጇ ፈቅደዋል። ከበሮው ሲፈጥን ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? በጽሑፍ ካልተመቻችሁ በድምፅ ላኩ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታውጫት። ከአሰልጣኞቹ ብዙዎቹ መጻፍ አይወዱም፤ ማውራት ግን ይችሉበታል። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለጥፊው፣ ሁለቱን ሰዎች ግን ቀን ደውለሽ አስታውሻቸው።